እንግዳ ተቀባይ እንግዳ ሲሆን

የላስታ ሰው በድሮ ዘመን ከቀዬው ወጥቶ ሲሄድ ምክንያቱ የታወቀ ነበር። ወይ ለንግድ፣ ወይ ለሙግት፣ ወይ ለዘመቻ፣ ወይም ለመሳለም ይሄዳል። አሞሌ ጨው ሊያመጣ የወረደውንም ኢየሩሳሌምን ሊሳለም የተነሣውንም መንደሩ መርቆ ይሸኘዋል። ነገር ግን «ልይና ልምጣ» ብሎ ብቻ ለሚሄድ ሰው የሚሆን ስም አልነበረም፤ ቢገኝለትም «ሥራ ፈት» ከመባል አያልፍም። ጕብኝት የሚባለው ነገር ሹም አገሩን፣ አለቃም የበታቾቹን የሚያይበት ሥራ ነበር እንጂ፣ ተራ ሰው የሩቅ አገር ወደብ ሊመለከት የሚነሣበት መንገድ አልነበረም።

እኔ ግን አሁን ዕድሜዬ ስድሳን አልፎ፣ ከመምህርነቴም ጡረታ ወጥቼ፣ ይህንን ስም ያልወጣለትን መንገድ ለመሄድ በመሰናዳት ላይ ነኝ። የማስባትም ከተማ በሕንድ አገር በደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ በዓረብ ባሕር ላይ ያለችው ኮቺ ናት። ቀድሞ ኮቺን ትባል ነበር፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1996 ወዲህ በይፋ ኮቺ ተባለች። ገና አልሄድሁም። ስለዚህ የምጽፍላችሁ ስላየሁት ነገር ሳይሆን ስለ መሰናዶው ነው። ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ማለቴ አያስቃችሁ፤ ሰው በሰው አገር ምን ዓይነት እንግዳ እንደሚሆን የሚቈረጠው ገና ከገዛ ቤቱ ደጃፍ ሳይወጣ ነው።

አሳቤን መጀመሪያ የነገርሁት ለባለቤቴ ነበር። እርስዋም ጥቂት ዝም ብላ ቈይታ፣ «ኢየሩሳሌም ቢሆን እሺ፤ የሰው አገር ባሕር አይተህ ምን ልትሆን ነው?» አለችኝ። ነገሩ ቀላል ጥያቄ አይደለም። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ንጉሥ ላሊበላ 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ያስፈለፈለው ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄድ በመንገድ እንዳያልቅ፣ ኢየሩሳሌምንም ከደጁ እንዲያገኛት ብሎ ነው። ወንዛችን ዮርዳኖስ የተባለው፣ ጎልጎታም በመካከላችን የተሠራው ስለዚሁ ነው ይባላል። እንግዲህ ንጉሡ ሰው እንዳይንከራተት ብሎ ተራራ በፈለፈለበት አገር ተወልዶ፣ በሽምግልና ባሕር ተሻግሮ መሄድ ያንን ድካም መናቅ አይመስልምን? ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ቄስም ይህንኑ በጨዋ አነጋገር ጠይቀውኛል።

ለባለቤቴም ለቄሱም የመለስሁት አንድ መልስ ነው። የምሄደው ጥየቃ ለመመለስ ነው አልኋቸው።

በአገራችን ልማድ ለቅሶህን የደረሰውን ሰው ለቅሶውን ትደርሳለህ፤ ድግስህን የበላውን ድግሱን ትበላለህ፤ ታመህ የጠየቀህን፣ ሲታመም ሳትጠይቀው ብትቀር ወቀሳው እስከ ልጅህ ይደርሳል። ይህ ሕግ በብራና ሳይጻፍ ከተጻፈው ይልቅ ይከበራል። ታዲያ የሚሠራው አጥር ለሚያዋስነን ጎረቤት ብቻ ነውን? ባሕር ተሻግሮ የመጣውስ እንግዳ ጠያቂ አይደለምን? እኛ የላስታ ሰዎች በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ ተጠይቀናል፤ ሄደን የጠየቅነው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ነገሩን በታሪክ ብንመለከተው፣ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ የተባለው የፖርቱጋል ቄስ በ1520 ወደ አገራችን የገባው ከሕንድ ተነሥቶ ምጽዋ በደረሰ መርከብ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ስለ ውጭ አገር ነገር የምጠራው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።) አልቫሬስ ስድስት ዓመት ያህል ሲቈይ ላሊበላን አይቷል፤ ያየውንም በመጽሐፍ ጽፎ በ1540 በሊዝበን ታትሟል። ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ የጻፈውን የሚያምነው እንዳያጣ ፈርቶ እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ምሏል። ከእርሱ ወዲህ ስንቱ መጣ! ዩኔስኮ በ1970 ዓ.ም. ከዓለም ቅርሶች ጋር ከመዘገባቸው በኋላማ፣ ሰው ያልመጣበት አገር የለም ለማለት ይቻላል። እኛም አስተናግደናል። ለገና በዓል ከሩቅ አገር በእግሩ የሚመጣውን ተሳላሚ እግሩን አጥበን፣ ያለንን አቅርበን፣ መደባችንን ለቀን አሳድረናል። መቀበልን እናውቅበታለን። መሄድን ግን አልተማርንም።

እርግጥ ከአልቫሬስ ጋር አብሮ የሄደ አንድ ኢትዮጵያዊ ነበረ፤ እርሱም የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ ነው። በሕንድ በኩል አልፎ በ1527 ሊዝበን ደረሰ። በዚያም ብዙ ዓመት አቈዩት፤ የሃይማኖት ሊቃውንቱም በእምነቱ ተጠራጥረው ሥጋ ወደሙ እንዳይቀበል ከለከሉት። የእነርሱን ሰው ስድስት ዓመት አብልተን አጠጥተን ስናኖር ከእኛ ጋር አትቀድስ አላልነውም ብዬ፣ አልፎ አልፎ ብቻዬን እቈጣለሁ። ቊጣው ግን 500 ዓመት ሊሆነው ነው፤ ስለዚህ ልተወው።

የኮቺና የእኛ ነገር ከዚህም ይጠልቃል። ከአውሮፓ በባሕር ወደ ሕንድ የሚያደርሰውን መንገድ ያገኘው ቫስኮ ዳ ጋማ የሞተው በኮቺ ነው፤ ዘመኑም 1524 ነው። አጥንቱ በኋላ ወደ አገሩ ቢወሰድም የመጀመሪያ መቃብሩ ስፍራ በቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እስከ ዛሬ ይታያል። የእርሱ ልጅ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ ደግሞ፣ ወንድሙ የሕንድ ገዥ ሳለ፣ በ1541 400 ያህል ወታደር ይዞ ምጽዋ ላይ ወረደ። በሚቀጥለው ዓመት በወፍላ፣ ከአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ፣ በኢማም አሕመድ ጦር ድል ሆኖ ተማርኮ ተገደለ። አሸንጌ ከላስታ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሩቅ አይደለም። እንግዲህ የአባትየው የመጀመሪያ መቃብር በኮቺ፣ የልጁ ደም በእኛ ደጋ ላይ ነው። ይህን ያነበበ ተማሪ የዓለም ካርታ ዘርግቶ ሁለቱን ስፍራ በክር ቢያያይዛቸው፣ የታሪክ መምህሩ በአንድ ወር ከሚነግረው የበለጠ ያገኛል።

ነገር ግን እውነቱን ልናገር፣ እኔን የሚያነሣኝ ዳ ጋማ አይደለም። እኔን የሚያነሣኝ መምህሬ ነው።

ልጅ ሳለሁ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ከገባሁ በኋላ ግን ፊዚክስ ያስተማሩን ከሕንድ፣ ከኬረላ አገር የመጡ መምህር ነበሩ። ዛሬ የኮቺ ከተማ ያለችው በዚሁ በኬረላ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ፣ እንግሊዝኛም ጭምር የሚያስተምሩ ብዙ ሕንዳውያን ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች ናቸው። የእኛ መምህር ከሞቃት ባሕር ዳርቻ መጥተው የወሎን ብርድ መቋቋም አቅቷቸው ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበው ሲያስተምሩ እናያቸው ነበር። እኛም ልጆች ነንና እንስቅ ነበር፤ እርሳቸውም አብረውን ይስቁ ነበር።

አንድ ቀን ከባድ ነገር በሚዛን እንዴት እንደሚነሣ ሲያስረዱን፣ በጥቍር ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ መረብ ሣሉ። መረቡ በረጃጅም እንጨቶች ጫፍ ተወጥሮ በባሕሩ ዳር የቆመ ነው፤ በሌላው ወገን ትልልቅ ድንጋዮች በገመድ ተንጠልጥለዋል። መረቡ ወደ ውሃው ሲወርድ ድንጋዮቹ ይነሣሉ፤ ጥቂት ሰዎች ገመዱን ሲስቡ ድንጋዮቹ ይወርዱና መረቡ ከነዓሣው ይነሣል። «ይህ ከቤቴ አጠገብ አለ፤ የቻይና መረብ ይባላል» አሉን። ከዚያም እኛ የምናውቀውን ምሳሌ ጠየቁን። አንዱ ልጅ የሽንብራ ነጋዴ ሚዛን አለ፤ ሌላው በአህያ ጀርባ በሁለት ወገን የሚጫን ጭነት አለ። ሁለቱንም ትክክል ነው አሏቸው። እኔ ከዚያ በኋላ 30 ዓመት በላይ ሳስተምር፣ ባሕር አይቶ ለማያውቅ የላስታ ልጅ ያንኑ መረብ ስሥል ኖርሁ። አንድም ቀን ግን በዓይኔ አላየሁትም።

መምህሬ ብቻቸውን እንዳልነበሩም ላሳያችሁ። ፖል ቨርጊስ የተባለው ሰው የተወለደው በ1922 ከኮቺ አጠገብ በምትገኘው በትሪፑኒቱራ ነው። በ1947 መምህር ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ አማርኛም በሚገባ ተማረ፤ በኋላም ተመልሶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘንድ አገለገለ። ወደ አገሩ ገብቶ በሕንድ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ሲሆን ጳውሎስ ማር ግሪጎርዮስ ተባለ፤ በ1996 እስኪያርፍ ድረስም በዓለም ስሙ የተጠራ ሊቅ ነበር። የእርሱን ያህል ስማቸው ያልተነሣ ስንት መምህራን አሉ! ከእናት ከአባታቸው ተለይተው፣ ቋንቋውን በማያውቁት አገር፣ የሰውን ልጅ አስተምረው ሄዱ። ከተማሪዎቻቸው መካከል «እንዴት ከረሙ?» ብሎ የሄደ ስንት ነው? መምህሬ በሕይወት ያሉ አይመስለኝም፤ ዕድሜያቸውን ሳሰላው አይሆንም። ነገር ግን በእኛ አገር የሞተም ሰው ቢሆን ቀዬው ይጠየቃል።

እንግዲህ ጥየቃ ከሆነ መሰናዶውም እንደ ጥየቃ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ነው ላሊበላ የሚጠቅመኝ። ከሚጐበኝ ሰው ይልቅ ሲጐበኝ የኖረ ሰው የእንግዳን ነገር ያውቃል። ደኅናውንም ሌላውንም አይቻለሁ። በአንድ ቀን 11ዱንም ጨርሶ፣ የአንዱንም ስም ሳይዝ የሚሄድ አለ። በቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆሞ፣ ከታች በጸሎት ላይ ያለችን አሮጊት ሳይጠይቅ ፎቶግራፍ የሚያነሣ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ በቤተ ማርያም አንድ ማዕዘን ተቀምጦ ጣሪያውን ሲያይ የዋለም አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለው ሲሄድ ቄሶቹም ይናፍቁታል።

ከሁሉ ይልቅ በመምህርነቴ ያሳዘነኝ የለጋሶቹ ነገር ነው። እንግዳ በበዛበት ወራት ከክፍሌ ልጆች ይጐድላሉ። የት ሄዱ ቢባል፣ ፈረንጅ ተከትለው «ደብተር ግዛልኝ፣ ኳስ ግዛልኝ» ለማለት ነው። እንግዳው ደግ ሰው ነው፤ ይሰጣል። ልጁ በአንድ ጥዋት ከአባቱ የሳምንት ድካም የሚበልጥ ይዞ ይገባል፤ በማግሥቱ ወደ እኔ የሚመጣበት ምክንያት ምንድን ነው? ሰጭው ግን በአውሮፕላን ሲመለስ አንድ ልጅ ያስተማረ ይመስለዋል። ስለዚህ እኔ በኮቺ ለመንገድ ልጅ እጄን አልዘረጋም። የምሰጠው ነገር ቢኖረኝ ትምህርት ቤት ገብቼ ለመምህሩ እሰጣለሁ። ጨካኝ ሽማግሌ ቢሉኝም ግድ የለኝም።

ሌላም አለ። በኬረላ ብዙ የሂንዱ ቤተ መቅደሶች የሌላ ሃይማኖት ሰው ወደ ውስጥ አያስገቡም። አንዳንድ መንገደኛ በዚህ ይቈጣል አሉ። እኔ ግን መቅደሳችን ለማንም የማይገባበት አገር ሰው ነኝ፤ ከበሩ ላይ ቆሜ እጅ ነሥቼ እመለሳለሁ። ጫማ አውልቅ ቢሉኝም አያስተምሩኝም፤ ዕድሜ ልኬን ሳወልቅ ኖሬያለሁ።

ይህ ሁሉ ስለ ጠባይ ነው። ነገር ግን ከጠባይ የሚበልጥ፣ እንቅልፍም የሚነሣኝ ጕዳይ በዚህ መንገድ ውስጥ አለ፤ እርሱንም የጨመረልኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው።

ይህ ልጅ አስጐብኝ ነበር። ሦስት ቋንቋ ይናገራል፤ ሚስት አግብቶ ቤት ሠርቶ ነበር። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና ሲገባ እንግዳ ቀረ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ ከተማይቱም እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። ተመልሶ ሰው መምጣት ሲጀምር፣ በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ እንደ ገና ተኩስ ተነሣ፤ አውሮፕላንም ተቋረጠ። አስጐብኙ፣ የሆቴል አሳላፊው፣ በቅሎ አከራዩ፣ መስቀል ጠራቢው ሁሉ የሚበላው ከአንድ ምንጭ ነበርና ምንጩ ሲደርቅ ሁሉም አንድ ቀን ተጠማ። ተማሪዬ ወደ አባቱ እርሻ ተመልሶ ገብስ ያርሳል። ወደ ኮቺ ልሄድ ማሰቤን ሲሰማ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ግንቡን ቀስ ብለው ያዩታል። እኔ እንዲያዩልኝ የምፈልገው ሰዎቹን ነው። መርከብ ሲቀርባቸው ምን አድርገው ኖሩ?» አለኝ።

ይህን የጠየቀኝ ታሪኩን ሳያውቅ ነው፤ ጥያቄው ግን በትክክል የኮቺ ጥያቄ ነው። ከኮቺ በስተ ሰሜን በፔሪያር ወንዝ አፍ አጠገብ በጥንት ዘመን ሙዚሪስ የተባለ ወደብ ነበር። የሮም መርከቦች ቁንዶ በርበሬ ሊጭኑ ይመጡበት ነበር። እንደሚነገረው በ1341 ወንዙ በታላቅ ጎርፍ ሞልቶ የቀድሞውን ወደብ በደለል ደፈነው፤ በዚያው ጎርፍ የኮቺ የባሕር በር ተከፈተ። በአንድ ክረምት አንዱ ከተማ ሞተ፣ ሌላው ተወለደ። ኮቺም በተራዋ በቅመም ንግድ ከበረች፤ ፖርቱጋሎች መጡ፣ በ1663 ሆላንዶች ወሰዷት፣ በ1795 ደግሞ እንግሊዞች። ዛሬ የቅመሙ መጋዘኖች ብዙዎቹ የቀድሞ ሥራቸውን ትተዋል። አስፒንዎል ሃውስ የሚባለው የጥንት የነጋዴ ግቢ ከ2012 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ለሚደረገው የሥነ ጥበብ ትርኢት ማሳያ ሆኗል። ግንቡ እንግዲህ አዲስ ሥራ አገኘ። ነገር ግን ጆንያ ይሸከም የነበረው ሰው የት ሄደ? ልጁስ ምን ተማረ? መጽሐፍ የሚነግረኝ ስለ ግንቡ ነው። የተሸካሚውን ታሪክ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ ወደቡ ራሱ ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር አንብቤያለሁ። የኮቺን የባሕር በር የአሸዋ ክምር ዘግቶት ስለ ነበር ትልልቅ መርከቦች ሊገቡበት አይችሉም ነበር። ሮበርት ብሪስቶ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1920ዎቹ አሸዋውን አስቈፍሮ በሩን ከፈተው፤ ከባሕሩ በወጣውም አፈር ዊሊንግደን የተባለች ሰው ሠራሽ ደሴት ተሠራች። ለላስታ ሰው ይህ ደስ የሚል ነገር ነው። የእኛ አባቶች ከአለት ውስጥ ባዶ ስፍራ አወጡ፤ እነዚያ ደግሞ ከባሕር ውስጥ መሬት አወጡ። እኔ አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፤ ከላሊበላ የወጣው ያ ሁሉ ድንጋይ የት ደረሰ? ደሴት ስላልሆነ ማንም አልጻፈውም።

አሁን ወደ ተራው ጕዳይ ልመለስ። ጊዜውን እንዲህ ቈርጫለሁ። በኬረላ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ በጥቅምትና በኅዳርም ሌላ ዝናብ ይከተላል። ደረቁ ወራት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። እኔ ገናንና ጥምቀትን ከላሊበላ ውጭ አልውልም፤ ይህ ከባለቤቴ ጋር ያደረግሁት ስምምነት ነው። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ እነሣለሁ። ከአዲስ አበባ ሙምባይ አምስት ሰዓት ያህል በረራ ነው፤ ከዚያ በአገር ውስጥ አውሮፕላን ወደ ኮቺ። የሕንድ ሰዓት ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል፤ ግማሿን ሰዓት ምን ሊያደርጓት እንደ ጨመሯት እዚያ ስደርስ እጠይቃለሁ።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ከፓስፖርትና ከቪዛ ሌላ ከኢትዮጵያ ወደ ሕንድ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት የተከተበበትን ካርድ መያዝ አለበት። ክትባቱም ከመንገዱ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ ይገባዋል። ወጣት ሰው ሄዶ ይወጋል፤ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ እንደሆነ መጀመሪያ ሐኪም ማማከር አለበት፤ ለሽማግሌ ክትባቱ ጥቂት ይከብዳልና። እኔም ይህን ሳላደርግ የአውሮፕላን ትኬት አልገዛም።

ገንዘቡ ይበልጥ ይከብዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር ያህል ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ለዓመታት ያጠራቀምሁት ቁጥሩ ሳይቀንስ ክብደቱ ግማሽ ሆነ። በዚህ ጊዜ አሳቤን ልተው ነበር። ነገር ግን ቀኑን ከ15 ወደ 8 አወረድሁት፤ ከዝርዝሬም ብዙ ሰረዝሁ። በአላፑዛ ውሃ ላይ በጀልባ ቤት ማደር ይቅር፤ ሥዕሉ ያምራል፣ ዋጋው ግን የአንድ ሰው ጥየቃ አይደለም። ከዚህ ላይ ተጐድቻለሁ ብዬ አላስብም። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይሉ የለም? ስምንት ቀን ብዙ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ምንም ግንብ አላይም። ኤርናኩላም ከሚባለው አዲሱ ከተማ ወደ ፎርት ኮቺ በሕዝብ ጀልባ እሻገራለሁ። ከ2023 ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ጀልባዎች እንደ ከተማ አውቶቡስ በደሴቶቹ መካከል ሰው ያመላልሳሉ። ሠራተኛው በጥዋት ሲሄድ አብሬው ልቀመጥ እፈልጋለሁ፤ ከተማን ለማወቅ ሥራ የሚሄድ ሰው ፊት ይበቃል። ከዚያ ወደ መረቦቹ እሄዳለሁ። የድንጋዮቹን ቍጥር እቈጥራለሁ፤ መምህሬ በሰሌዳ ላይ የሣሉትን በደብተር ይዤዋለሁና አስተያየዋለሁ። ዓሣ አጥማጆቹ ለእንግዳ ገመዱን ያስነኩና ገንዘብ ይቀበላሉ ይባላል። እከፍላቸዋለሁ፤ ሥራቸውን አስፈትቼ ማየቴ ነውና።

በሁለተኛው ቀን ማታንቸሪ ነው። በዚያ በ1568 የተሠራ የአይሁድ ምኵራብ አለ፤ ምእመናኑ ግን ከ1948 በኋላ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደው ዛሬ አልቀዋል ለማለት ይቀራል። ሕንፃው ቆሞ ሰው ያለቀበትን ቤት አይቶ ዝም ማለት ብቻ ነው። በቀሩት ቀናት አንዱን ለሙዚሪስ አገር፣ አንዱን ለመምህሬ ቀዬ ለይቻለሁ፤ ስለ ሌሎቹ ገና አልወሰንሁም፤ የምጠይቀው ሰው ይወስንልኛል።

ምግቡ አያሳስበኝም። ሩዝ፣ ምስር፣ ኮኮናትና ቅጠላ ቅጠል ያለበት አገር ጾመኛን አያስርብም። ይልቅስ ስለ ቋንቋው ጥቂት እየተማርሁ ነው። ማላያላም ይባላል፤ ፊደላቸውም እንደ እኛ ፊደል ድምፁ ሲለወጥ መልኩ ይለወጣል፤ ይህንንም መምህራችን አንድ ጊዜ የእኛን «ከ ኩ ኪ ካ» ግድግዳ ላይ አይተው በደስታ አሳይተውን ነበር። እስካሁን «ናማስካራም» ብሎ ሰላምታ መስጠትና «ናንዲ» ብሎ ማመስገን ችያለሁ። ከዚህ የሚቀጥለው ጥያቄ መጠየቅ ነው።

ለስጦታ አንድ ኪሎ የተቈላ ቡናና፣ ባለቤቴ የፈተለችው ጥጥ የተሠራበት አንድ ነጠላ ይዣለሁ። ነጠላውን «ለመምህርህ ቤት ሰው ካገኘህ ስጥ፤ ካጣህ መልሰህ አምጣ» ብላኛለች። ተማሪዬ ደግሞ የሚጠየቁትን ነገሮች በወረቀት ጽፎ ሰጥቶኝ በደብተሬ ሽፋን ውስጥ አድርጌዋለሁ። በኬረላ በክረምት መግቢያ ዓሣው እንዲራባ ተብሎ ትልልቆቹ ጀልባዎች 52 ቀን ከማጥመድ በሕግ እንደሚታገዱ ነግሬው ነበርና፣ የመጨረሻው ጥያቄው ስለዚሁ ነው፤ «52ቱን ቀን በምን ይኖራሉ? ማን ያበድራቸዋል? በስንት ወለድ?»